ላምባ የተቀላቀለበት ቤንዚን

ዛሬ ወልድያ ላይ አንድ ሞተር ሳይክል ሞተሩ እያንኳኳ ዳገቱን ሲወጣ የላምባ ሽታው አፈነኝና ባለሁበት ቆምኩ።

ነገሩ የሆነው ነዳጅ በጠፋበት ጊዜ ነው፤ እኔ ገና ልጃገረድ ነበርኩ። እህቴ ዘይነብ ግራና ላይ ምጥ ቢጠናባት፣ አጎታችን በሞተራቸው ወደ መርሳ ጤና ጣቢያ ይዘዋት ወጡ። እኔ ከኋላዋ ተቀምጬ ደግፌያታለሁ። በሃይላንድ ጠርሙስ የገዙት ቤንዚን ላምባ ተቀላቅሎበት ኖሮ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠጠር እንደገባበት ጣሳ ያንኳኳ ጀመር። አጎቴ ወርደው የካርቡሬተሩን ብሎን ጠበቅ ላላ አደረጉት፤ ለውጥ የለም። ጥቂት እንደሄድን ፒስተኑ ተበልቶ ሞተሩ ድርቅ አለ።

"አጎቴ፣ ምነው ቆሙ?" አለች ዘይነብ።

"እስኪበርድለት ነው ልጄ። አብሽሪ፣ አላህ አለ።"

ይህን ሲሉ የጋለውን ብረት በባዶ እጃቸው ይዘው ነበር፤ መቃጠላቸውንም ያወቁ አይመስሉም።

ገበሬዎች ደርሰው በቃሬዛ ተሸከሟት። መርሳ ሳንገባ ሞተች፤ ልጁም በሆዷ ቀረ።

አጎቴ ቤንዚኑን የሸጠላቸውን ሰው ያውቁታል። እስከዛሬ ጁምዓ ሲሆን ሁለቱም በአንድ መስጊድ ይሰግዳሉ። ስሙን በጠየቅኋቸው ቁጥር ግን፣ "ብነግርሽ ምን ታደርጊዋለሽ?" ይሉኛል።