ለካሜራ የተላከ ሽማግሌ

ስልኬ ጮኸች፤ መልእክት። ድሮ ቢሆን ለተሳፋሪ ሰጥቼ «አንብብልኝ» እል ነበር፤ ጉዳዬን ግማሹ የድሬ ሰው ከኔ ቀድሞ ይሰማው ነበር። አሁን ራሴ አነባለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ ነው፤ ለማያነብ ሰው መንጃ ፈቃድ አይሰጥም ሲሉኝ። ያነበብኩት ግን ደስ አይልም። ባጃጄ ቀይ መብራት ስትጥስ ካሜራ ቀርጿታል፤ መንጃ ፈቃድህን ይዘህ ቅረብ ይላል።

ቅጣቱስ ይሁን። የፈራሁት መንጃ ፈቃዴን እንዳያግዱብኝ ነው። እሱን ያገኘሁት ልጆቼ ከሚሆኑ ተማሪዎች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቤ ነው።

እኛ ዘንድ ትራፊክ ሲይዝህ ትለምናለህ፤ እምቢ ካለ ሽማግሌ ትልካለህ። ስለዚህ በየቀኑ የማመላልሳቸውን የመጋላ ሰፈሩን ሐጂ ይዤ ሄድኩ። ጢማቸው በሂና የቀላ፣ ከዘራቸው ረጅም፣ ምላሳቸው ከከዘራውም የሚረዝም ሰው ናቸው።

ቢሮ ያገኘናት ፖሊስ ወጣት ናት። ሐጂ ሳይቀመጡ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ አፉ ሬት ነው፤ ሰላምታ እንኳ በግድ ነው የሚመልሰው። ቀይ ግን አይጥስም፣ ወላሂ! ምስክሩ እኔ ነኝ።»

«ሐጂ፣ ካሜራ ሽምግልና አይሰማም» አለች። «እሱ ይቀርጻል፤ እኛ አይተን በታርጋው ባለቤቱን እንፈልጋለን፤ መልእክት እንልካለን። ይልቅ ራስዎ ይዩት።» ኮምፒውተሩን ወደ እኛ አዞረችው።

ባጃጄ ቀይ ላይ ናት። ከጎኗ አንድ ቀይ ጢም ብቅ ብሏል፤ ከዘራ ወደ ፊት ተቀስሯል፤ «ንዳው!» የሚል አፍ ተከፍቷል። ያኔ ትዝ አለኝ፤ ከታይዋን ገበያ ስንመለስ ለሐጂ «ጫት ገባ» የሚል ስልክ ደርሷቸው ነበር።

«እኚህ ሰውዬ ማን ናቸው፣ ሐጂ?» አለች ሳቋን አፍና።

«አስተግፊሩላህ!» ጠጋ ብለው አዩት። «ጢሜን ግን አሳምሮ ነው ያነሳው። ልጄ፣ ጥፋቱ የከዘራው ነው። የሱን መንጃ ፈቃድ ተዪና ይሄን እሰሪልኝ።» ከዘራውን ጠረጴዛዋ ላይ አጋደሙት።

ሳቋ አመለጣት። «ቅጣቱን ትከፍላለህ» አለችኝ፤ «መንጃ ፈቃድህን ለዛሬ አልይዝም። ከደገምክ ግን እሳቸውም አያስጥሉህም። ሐጂ፣ ከዘራዎን ያንሱልኝ።»

የሰው ውለታ አልወድም። ግን መንጃ ፈቃዴ ኪሴ ውስጥ ነው። ሐጂ ዛሬም ከኋላዬ ናቸው፤ ቀይ ሲበራ፣ ጫት ገባም አልገባም፣ ከዘራቸውን በትከሻዬ አሳልፈው ደረቴ ላይ ይጋርዱታል። «ቁም አቦ! ዋስህ ነኝ!» ከዚያ ወደ ካሜራው ቀና ብለው ጢማቸውን ያበጥራሉ።