በጾም የመጣው ሸክላ ፈላጊ

ሰውየው ቤቴን ያንኳኳው ሁዳዴ በተያዘ ሰሞን ነው። በሩን ሳልከፍት በመስኮት አየሁት። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ይመስላል፤ ንጹሕ ጃኬት ለብሷል፤ በብብቱ ካርቶን ይዟል። የማላውቀው ሰው ካርቶን ይዞ ሲመጣ ወይ ሊሸጥልኝ ነው ወይ ሊወስድብኝ ነው ብዬ ነው የማስበው።

«እትዬ፣ የድሮው ሙዚቃ ቤት ባለቤት ቤት እዚህ ነው?» አለኝ።

«ባለቤቱ ከሞተ ብዙ ዓመቱ ነው። እርስዎን ማን ላከዎት?»

«አረ አንተ ይበሉኝ! ልጅዎ የሙዚቃ ሸክላችሁን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ አውጥታው አይቼ ነው ከአዲስ አበባ የመጣሁት።»

ዞር ብዬ ልጄን አየኋት። ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበረች።

«አድራሻ አልሰጠሁም እኮ እማዬ። ደብረ ማርቆስ ነን ብቻ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ? የበሩን ቁልፍም አብረሽ ብትልኪለት ጥሩ ነበር።»

እንግዳ ደጅ ማቆም ነውር ስለሆነ አስገባሁት። አንተ ግን አላልኩትም። አንተ ያልኩት ሰው ወዲያው ቤቱን የለመደ ይመስለኛል፤ እርስዎ ስለው ግን ከበሩ አጠገብ የሚቆይልኝ ይመስለኛል።

ሊያየው የመጣውን ሸክላ ለምን እንደምሳሳለት ልናገር። ባለቤቴ በከተማችን ትንሽ ሙዚቃ ቤት ነበረችው። ከሸክላ ወደ ካሴት እየቀዳ ይሸጥ ነበር። ከይጁቤና ከጉንደ ወይን ለገበያ የሚመጣ ሰው ባዶ ካሴቱን ይዞ ይመጣና ማታ ሲመለስ ይወስዳል። እሱ ማጫወቻው ዘንድ ይቀመጣል፤ እኔ ደንበኛ አስተናግዳለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም የዘፋኝ ስም ካሴት ላይ ለመጻፍ ይበቃኝ ነበር። እሱ ሲታመም ልጃችን ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ከሞተ በኋላ ሱቁን ዘጋሁ፤ ማጫወቻውም ሸክላዎቹም ለሰው ሄዱ። አንዲት ትንሽ ሸክላ ብቻ አስቀረሁ።

ይህችን ሸክላ ያስቀረሁት አንድ ቀን የነገረኝን ይዤ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ሄዶ ከአንድ ዘፋኝ ኋላ አዝማች ከሚቀበሉት አንዱ ሆኖ ሸክላ እንደቀዳ ነግሮኛል። ዘፋኙ ያችኑ አንዲት ሸክላ አሳትሞ ሙያውን ተወ። የታተመችውም ጥቂት ስለነበረች ሳትታወቅ ቀረች። «ከተቀባዮቹ የቱ ነህ?» ስለው ይስቅና ወሬ ይቀይራል። ተቀባዮቹ ሦስት ወይም አራት ወንዶች ናቸው፤ ሁሉም እኩል ይጮኻሉ፤ የማን ድምፅ የማን እንደሆነ አይለይም። የአገሩን ድምፅ ሁሉ ሲቀዳ የኖረ ሰው የራሱን ድምፅ በአንድ ካሴት እንኳ አላስቀረም። ልጄ «አባዬ ድምፁ ምን ይመስል ነበር?» ብላ ስትጠይቀኝ የማሳያት ይህችን ሸክላ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን እሱ በውስጧ ስለመኖሩ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም። ወንድ ልጅ ሚስት ሲያገባ ያልሆነውን ሆንኩ ይላል።

ሰውየው ካርቶኑን ከፈተና አዲስ ሸክላ አወጣ። የእኔዋ ሸክላ ዘፈን ነው፤ እሱና ባልደረቦቹ እንደገና አሳትመውታል። በሽፋኑ ጀርባ ላይ ቁጥር በእጅ ተጽፎበታል።

«በቁጥር ተወስኖ ነው የታተመው። ካለቀ ሌላ አይገኝም» አለ።

«ይህን ያህል ጥቂት ከሆነ ለእኔ ለምን አመጡልኝ?»

«ስጦታ ነው።»

«ለማያውቁት ሰው?»

ልጄ ሳቋን ለመደበቅ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ግን ሸክላውን ጠርዙን በሁለት መዳፌ ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ባለቤቴ እንዲህ ነበር የሚገዛው፤ ሳያይ የገዛው ሸክላ አልነበረም። አዲሱ ከበድ ይላል። ከባድ ነው ማለት ግን ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ከባዱም ጎብጦ ሲወጣ አይቻለሁ። መስታወቱን ከግድግዳ አውርጄ ጠረጴዛ ላይ አጋደምኩትና ሸክላውን በላዩ አስተኛሁት። ዙሪያውን ወረቀት በሥሩ ለማስገባት ሞከርኩ፤ አልገባም። መሐል ያለችው ቀዳዳ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለች ድምፁ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ እሷም ልክ ናት። ሲታተም አየር ገብቶበት እንደ ፊኛ ያበጠ ነገር እንዳለ በብርሃኑ አየሁ፤ የለም። ጥፋት ስላጣሁበት ይበልጥ ጠረጠርኩት።

ከዚያ የእኔዋን ከሳጥን አውጥቼ ከጎኑ አስቀመጥኳት። ዘፈኑ አልቆ መሐል ላይ ወደተለጠፈው ወረቀት ሲደረስ መስመር የሌለው ለስላሳ ቀለበት አለ። የአዲሱ ቀለበት ከእኔዋ ሰፋ ይላል፤ ዘፈኑ ያለበት መስመር ቀድሞ አልቋል ማለት ነው።

«ዘፈኑ ጎድሏል» አልኩት።

«ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት እትዬ! ልነግርዎት ስል መቼ አስጨረሱኝ?»

መጀመሪያ ሲያሳትሙ ያገኙት አንድ የቡና ቤት ሸክላ ብቻ ነበር አለ። መጨረሻው በማጫወቻ መርፌ ተበልቶ ጩኸት ብቻ ስለሆነ ድምፁን ቀስ አድርገው ቀንሰው ቆረጡት። የገዙት ሰዎች ደግሞ አንገቱ የተቆረጠ ዘፈን ሸጣችሁልን ብለው አኮረፉ። አሁን ሊያሳትሙ ያሰቡት ሙሉውን ነው። የእኔን ሸክላ ይዞ ሊሄድ፣ ውጭ አገር ልከው ሊያስቀዱት፣ ከዚያ ሊመልሱልኝ።

«ሸክላዬ ባሕር አትሻገርም። ደግሞም ልፋትዎ ከንቱ ነው፤ የእኔዋም መጨረሻዋ ተበላሽቷል። ባለቤቴ ራሱ ነው የነገረኝ።»

ፊቱ ጠቆር ሲል አየሁ። ካርቶኑን ወደ ጎን አደረገና፣

«ላየው ብቻ ይፈቅዱልኛል?» አለ።

«እኔ እይዘዋለሁ፤ እርስዎ ይዩ።»

ከኪሱ ማጉያ መነጽርና ጣት የምታህል ባትሪ አወጣ። ሸክላዋን እንደያዝኩ ጎንበስ ብሎ ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል አያት። እኔ የማየው እጁን ነበር። ከዚያ ቀና አለ።

«ተበላሽቷል ያሉትን ራስዎ ሰምተውታል?»

«ለምን እሰማለሁ? የተበላሸ መስመር መርፌ ይበላል። መርፌ ከአዲስ አበባ በሹፌር ተልኮ ነበር የሚመጣልን።»

«እንግዲያው ይዩት።»

መነጽሩን ተቀበልኩትና አየሁ። ከዳር ጀምሮ ያለው መስመር በብዛት ከመጫወቱ የተነሣ አመድ መስሏል። መጨረሻው ላይ ያለው፣ የትንሽ ጣቴን ጥፍር የማያህለው ጥቁር ነው፤ እንደ አዲስ ያበራል።

«መርፌ ነክቶት የሚያውቅ አይመስልም» አለ ሰውየው።

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ ያችን ሸክላ ሲቀዳ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል መርፌውን ያነሣት ነበር። ሰው ሲጠይቀው «ከዚህ ወዲያ ተበላሽቷል» ይላል። እኔ አምኜዋለሁ። በሸክላ ነገር እሱን ያላመንኩ ማንን አምናለሁ?

«ማጫወቻ መኪና ውስጥ አለኝ፤ አሁን እንስማው» አለ።

«ጾም ነው። ቤቴ በጾም ዘፈን አይከፈትም።»

«በጆሮ ማዳመጫ ልስማው። እርስዎ አይሰሙትም።»

«እኔ ባልሰማው ቤቱ አይሰማም?»

«እማዬ፣ ደቂቃ እኮ ነው!» አለች ልጄ ከጓዳ።

«አንቺ ዝም በይ። ለዚህ ያበቃሽን አንቺ ነሽ።»

ሰውየው አልተቆጣም። ከፋሲካ በኋላ ልመጣ ብሎ አስፈቀደኝና አዲሱን ሸክላ ትቶ ሄደ። ስጦታውን መተዉም አላማረኝም። ሰው የሚመለስበትን ነገር ነው ሰው ቤት የሚተወው።

ከዚያ በኋላ ጾሙ ሁሉ ጥርጣሬ ሆነብኝ። ሸክላዋን ከሳጥን አውጥቼ ከአልጋ ሥር አደረግኳት፤ እርጥበት ፈርቼ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኳት፤ ቆርቆሮው በቀን ሲግል ትጎብጣለች ብዬ መልሼ አወረድኳት። ሰውየው ሌባ ልኮ ቢያሰርቀኝስ እያልኩ ደጁን ሁለቴ እቆልፋለሁ። ያም ሲሰለቸኝ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ጤነኛውን መስመር ተበላሽቷል ያለው ምን ሊደብቅ ነው? የሴት ስም ይሆን የሚጠራው? ወይስ መጨረሻው ላይ ተቀባዮቹ አንድ በአንድ ይሰሙና እሱ አለመኖሩ ይታወቅበታል? የሞተ ሰው እጠረጥራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ልጄም በልቧ እንዲሁ ኖራለች። አንድ ቀን ልብስ እያጠበች፣

«እማዬ፣ አባዬ ባይኖርበትስ?» አለችኝ።

«ቢኖርበትም ባይኖርበትም አባትሽ ነው።»

«እሱንማ አውቃለሁ። ድምፁን ነው እንጂ የምፈልገው።»

ብትለምነኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷ ግን ጨርቁን መጭመቅ ቀጠለች።

ዳግማይ ትንሣኤ ባለፈ ማግሥት ሰውየው ማጫወቻውን በሻንጣ ይዞ መጣ። እጁን አስታጠብኩት። መርፌዋን በመነጽሩ አየኋት፤ ጫፏ ደህና ነች። ማጫወቻውን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁና ሸክላዋን እኔው አስቀመጥኳት። ልጄ እግሯን ሰብስባ መሬት ላይ ተቀመጠች።

ዘፈኑ ሄደ። ሽሽ የሚለው የአሮጌ ሸክላ ሽሽታ ብዙ ነው፤ ዘፋኙ ከዝናብ ውስጥ የሚዘፍን ይመስላል። ተቀባዮቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ ያው እንደማውቀው አይለዩም። መርፌዋ ወደ ጥቁሩ ስትጠጋ እጄ ሳላስበው ሊያነሣት ተዘረጋ። ሰውየው አየኝ። እጄን መለስኩ።

ሽሽታው ቀጥ አለ። ዝናቡ ያባራ መሰለ። መሣሪያዎቹ ቆሙ፤ ዘፋኙ ቆመ፤ ተቀባዮቹ ቆሙ። አንድ ድምፅ ግን አልቆመም። ብቻውን የመጨረሻዋን ቃል ይዞ እየሳበ፣ እያዞረ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ዜማ ቀስ እያለ ወረደ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ሌላውም ተከተለው። ድምፁ በድንጋጤ ተቆረጠ።

መርፌዋን አነሣሁ።

«ይሄ ማነው?» አለ ሰውየው።

«ባለቤቴ ነው» አልኩት።

ለዚህ መማል እችላለሁ። ደብረ ኤልያስ ዜማ ቤት ነው ያደገው። እዚያ መሪጌታው መቋሚያቸውን መሬት ላይ መታ እስኪያደርጉ ድረስ ተማሪ ድምፁን አይቆርጥም፤ የቆረጠ ይገሠጻል። ቤታችን ውስጥ ሲያንጎራጉር እንኳ እኔ «በቃህ» ካላልኩት መጨረሻውን አይለቅም ነበር። ቀረጻ ክፍል ውስጥ መቋሚያ የሚመታለት ሰው አልነበረም። ሁሉም ሲያቆም እሱ ምልክት ሲጠብቅ ቀረ፤ ሳቁበትም። ያችን ቦታ ነው ዕድሜ ልኩን ሰው እንዳይሰማበት መርፌ እያነሣ ሲዘል የኖረው። እኔ ደግሞ የሴት ስም ስፈልግ ከረምኩ!

ልጄ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልገባኝም።

«ድምፁ ቀጭን ነው» አለች። «ወፍራም ነበር የሚመስለኝ።»

«ሲናገር ነው ወፍራም። ሲያዜም እንዲህ ነበር።»

ሰውየው ደስ ብሎት ቶሎ ቶሎ መናገር ጀመረ። በዚህ ላይ ያለው ድምፅ ጥራቱ ሌላ መሆኑን፣ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ በኮምፒውተሩ ቢቀዳው እንደሚበቃው፣ ሸክላዋ ከቤት መውጣት እንደማያስፈልጋት ነገረኝ። ከዚያ፣

«ሳቁን ደግሞ በማሽን እናጠፋዋለን። አይሰማም» አለ።

ጥርጣሬዬ መልሶ ተነሣ። አንድ ነገር ላጥፋ ያለ ሰው አንድ ብቻ አጥፍቶ አያቆምም።

«ሳቁ ሲጠፋ ከሥሩ ያለው የእሱ ድምፅስ?»

«ትንሽ… ትንሽ ሊነካ ይችላል።»

«ይተዉት!» አለች ልጄ እኔ ሳልናገር። «እንዳለ ይሁን። ሳቁበት እንጂ አልሰረቀ።»

እንዳለ እንዲሆን ቃል አስገባሁትና እንዲቀዳ ፈቀድኩለት። እስኪጨርስ ከጠረጴዛው አልራቅኩም። ሲሰናበት ሸክላዋን ወደ መስኮቱ ወስጄ የእኔዋ መሆኗን በጭረቶቿ አረጋገጥኩ። አይቶኛል፤ አልከፋውም።

አዲሱ ሕትመት የመጣልን መስከረም ከጠባ በኋላ ነው። እንደ ልማዴ መስታወቱን አውርጄ አስተኛሁት፤ ቀዳዳዋን አየሁ፤ ለስላሳዋን ቀለበት ከእኔዋ ጋር አስተያየሁ። እኩል ናት። ያም አልበቃኝም፤ ሰውየው ለልጄ በሰጣት ማጫወቻ እስከ መጨረሻው ሰማነው። ሽሽታው ቀንሷል፤ እሱ አለ፤ ሳቁም አለ።

ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ አዲሱን ይዛ ሄደች። ለጓደኞቿ መጨረሻው ላይ ብቻውን የቀረው አባቴ ነው እያለች ታሰማለች አሉ። አሮጌዋ እኔ ዘንድ ናት። የት እንዳስቀመጥኳት ግን ለእሷም አልነገርኳት፤ ደግሞ ፎቶ ታነሣብኛለች።