ኩባንያው ዝም ያለበት ክረምት

እድላዊት ኤርጫፎ አርባ ምንጭ ባለ አንድ የፍራፍሬ ማቀነባበሪያ ኩባንያ ውስጥ የሒሳብ ባለሙያ ነበረች። የኩባንያው አክሲዮን ገበያ ላይ ሲወጣ፣ ከከተማው በላይ ተራራው ላይ ባለችው መንደር ኦቾሎ የሚኖሩት ሸማኔው አባቷ ጥቂት ገዙ። ጎረቤቶቻቸውም «ልጃቸው የምትሠራበት ነው» ብለው ተከተሏቸው።

ክረምቱ እንደገባ ትልቁ የውጭ ደንበኛ ውሉን ላያድስ እንደሚችል አስታወቀ። እድላዊት ሥራ አስኪያጁ አቶ ሸዋንዳኝ ዘንድ ገባች።

«ለባለአክሲዮኖቹ ብንነግራቸውስ?»

«ገና ያልለየለት ነገር ነው። የሕግ ክፍሉም ግዴታ የለባችሁም ብሏል።»

«ግዴታ ባይኖርብንም መናገር እንችላለን።»

«ማንም ሳይጠይቀን በገዛ አፋችን ገበያችንን እንዝጋ? አንቺም ብትሆኚ ምስጢር ልትጠብቂ ፈርመሻል።»

በዚያው ሰሞን ኦቾሎ ወጣች። አባቷ በሬያቸውን ሸጠው አክሲዮን ሊጨምሩ ቆርጠዋል። ባሏ የሞተባት ጎረቤታቸው በለጥሽም አብራቸው ልትገዛ ተዘጋጅታለች።

«በሬው ቢቆይ ይሻላል፣ አባዬ።»

«ለምን? የሰማሽው ነገር አለ?»

ለአባቷ ብቻ ሹክ ብትል ሕግ መጣስ ነው፤ የሌላውን ጎረቤት ዓይንም ማየት አትችልም። አቀርቅራ «የለም» አለች። በሳምንቱ በሬው ተሸጠ፤ በለጥሽም አብራቸው ገዛች።

ጥቅምት ላይ ደንበኛው ጥሎ ሄደ። ወሬው ሲወጣ የአክሲዮኑ ዋጋ አሽቆለቆለ፤ መንደርተኞቹ እንሽጥ ቢሉም ገዢ ጠፋ። በለጥሽ ልጇን ከኮሌጅ አስቀረች። ማንም የእድላዊትን አባት ኤርጫፎን የተናገራቸው የለም። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ሁሉም ሰላም ይላቸዋል፤ አብሯቸው ቁልቁለቱን የሚወርድ ግን አልነበረም።

አንድ እሑድ ልጃቸውን ጠየቋት።

«ታውቂ ነበር?»

«አዎ፣ አባዬ። ለአንድ ሰው ብቻ መንገር ግን በሕግ ክልክል ነበር።»

«ለእኔ ብቻ መንገር ክልክል ነው፤ ይሁን። አለቆችሽ ለሁላችን እንዳይናገሩስ ማን ከለከላቸው?»

«ማንም።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እድላዊት ሥራዋን ለቀቀች፤ ይህ ግን ለማንም የመለሰለት ነገር የለም። ይቅርታ ልትጠይቅ በለጥሽ ጓሮ ስትደርስ ሴትዮዋ እንሰት ትፍቅ ነበር።

«በአንቺ አላዘንኩም፣ ልጄ» አለቻት ቀና ሳትል። «አባትሽ ኑ ሲሉን አምኜ ሄድኩ። ከእንግዲህ ሌላ ሰው ቢጠራኝ በምን ልቤ ልመን?»

እድላዊት እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ፣ አጠገቧ ቁጭ አለችና እንሰቱን አብራት ትፍቅ ጀመር።