ባሕር የሌለው ድንበር

ወረታ ከተማ፣ ከቤቴ ደጅ ጎረቤቴ ቦይ ያስጠርጋል። አካፋ እርጥብ ጭቃ ሲቆርጥ የሚያሰማው ድምፅ ዛሬም ይሰቀጥጠኛል።

ቁሐር ሚካኤል በምትባለው የገጠር መንደራችን ተማሪ ሳለሁ አንድ ቀን መምህራችን፣ «አንዱ አገር አህጉርን ሰባት ብሎ ይቆጥራል፤ ሌላው ስድስት። አውሮፓና እስያ መሀላቸው ባሕር የለም፤ የለያቸው ሰው ነው» አሉን።

ይህን ለአባቴ ልነግረው ወደ ሩዝ ማሳው ሮጥሁ። እሱ ግን ከአጎቴ ጋር፣ አያቴ ባወረሳቸው መሬት መሀል በቆመው የጭቃ ድንበር ላይ ይሰዳደባል።

«ያባታችን መሬት አንድ ነው!» አለ አጎቴ፣ ድንበሩን በእግሩ እየናደ።

«ሁለት ነው አልሁህ!» አባቴ አካፋውን ሰነዘረ።

ያው ድምፅ ተሰማ፤ ጭቃ ላይ ግን አልነበረም። የአጎቴ ትከሻ ተተረተረ፤ ሩዙ የቆመበት ውሃ ቀላ። ያ ክንዱ ዳግም እርፍ አልጨበጠም።

ከማሳው ዳር ሮጣ የደረሰችው እናቴ ደሙን በነጠላዋ እያፈነች፣ «ምነው በመሀላችሁ ባሕር በነበረ!» ብላ ጮኸች። እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ቆማ ባሕር መመኘቷ ያኔ አልገባኝም።

አሁን ልጄ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ተቀምጣለች።

«እማ፣ አውሮፓና እስያ መሀል ባሕር ከሌለ፣ በምን ተለያዩ?»

«በአካፋ» አልኋት።