ሳይመረቅ የተቆረሰው ድፎ

ዘንድሮ መስቀልን እንጅባራ፣ እህቴ ጥሩወርቅ ቤት ዋልን። ድፎው ከነኮባው ቀርቦ፣ ቢላዋው አጠገቤ ተቀምጦ ሰው ሁሉ ሲጠብቀኝ፣ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የገባችው የእህቴ የልጅ ልጅ ስልኳን ደገነችብኝ።

«አባባ፣ በአገውኛ ይመርቁን። እቀርጽዎታለሁ።»

ቋንቋችንን ማን ወሰደብን እያለ የሚጽፍ ሰው በዝቷል። አንዱ ቤተ መንግሥቱን ይከሳል፣ ሌላው ትምህርት ቤቱን። ያነበብኩትን አንብቤያለሁ፤ እኔ ግን ከቤታችን ሲወጣ በዓይኔ ስላየሁት ሌባ አልፈልግም። በር ከፍተን የሸኘነው እኛው ነን፤ ያውም በዓመት በዓል፣ ነጭ ለብሰን።

ጊዜው የጃንሆይ ነው። የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ የምንኖረው ዳንግላ። አባቴ የመንግሥት ጸሐፊ ስለነበር አገውኛ ብንሰማ ዝም ይላል፣ ብንናገር ይቆጣል። መስቀልን ግን ሁልጊዜ ከእንጅባራ ወዲያ፣ ቀርከሃ በከበበው የአያቴ ቤት ነበር የምናከብረው። እዚያ ድፎ የሚቆረሰው አያቴ ቆሞ በአገውኛ ከመረቀ በኋላ ነው። ምርቃቱ ከከብቱ ይነሣል፣ ወደ ፈረሱ ይሻገራል፣ ማሳውን ይዞራል፤ ሰው ጋ ሲደርስ የእያንዳንዳችንን ስም ይጠራል። የትኩሱ ዳቦ ሽታ አንጀታችንን እየበላውም ቢሆን ስማችን ሳይጠራ እንዲያበቃ የሚፈልግ አልነበረም።

በዚያ ዓመት አባቴ በዓሉ እኛ ቤት እንዲሆን ወሰነ። ጥሩወርቅን ለልጃቸው የጠየቁት ግራዝማች ደስታ ሊመጡ ነው። ግራዝማች ከደብረ ማርቆስ ተዛውረው የመጡ፣ አማርኛቸው የጠራ ሹም ናቸው። አባቴ ዓይን ዓይናቸውን ያይ ነበር።

አያቴ ክረምቱ ጥሎት የሄደውን ጭቃ በፈረስ አቋርጦ መጣ። ኮርቻው ላይ አደይ አበባ ሰክቷል። አባቴ ገና ሳያወርደው ልጓሙን ያዘ።

«አባባ፣ አደራዎን፣ የዛሬው ምርቃት በአማርኛ ይሁንልኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«ግራዝማች አሉ። ለልጅቷ ብለው።»

አያቴ ሳቀ። «አንተ ልጅ፣ በአማርኛ በሬ ሸጫለሁ፣ በርስት ተካስሻለሁ። መርቄ ግን አላውቅም።»

«ሁለት ቃል ይበቃል።»

«ቤት ሙሉ ሰው በሁለት ቃል?»

ደመራው ላይ የተቀባነው አመድ ግንባራችን ላይ እንዳለ ገበታው ቀረበ። አያቴ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «እግዚአብሔር...» አለና አባቴን አየ። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ተቀመጠ። ዕቃውን ተቀብሎ የሚሄድ ገበያተኛ የሚለው ቃል ነው።

አባቴ ፈጥኖ ድፎውን ቆረሰ። ግራዝማች ረክተው «ዕድሜ ይስጥልን» አሉ። ጥሩወርቅ ጠላ ስታዞር እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ አለች።

«ስሜን ሳይጠራ?» አለችኝ። ልትዳር ነው፤ እንደ ቤቱ ልጅ ስሟ የሚጠራበት የመጨረሻው መስቀል ነበር።

አያቴ ድርሻውን አልነካም።

ግራዝማች ሊሄዱ ጋሪ ላይ ወጡ። ከደጃችን ፈቀቅ ሳይል ጎማው ጭቃ ውስጥ ሰመጠ። ባለጋሪው ቢገርፍ፣ ቢለምን፣ ፈረሱ እንቢ አለ። ይኼኔ ግራዝማች ብድግ አሉና ኩታቸው ከትከሻቸው እስኪወድቅ ጮኹበት። በአገውኛ! ያውም በለየለት የእረኛ አገውኛ ሰደቡት፣ እናቱንም አያቱንም ሳይተዉ። ፈረሱ ገባውና ጋሪውን መንጭቆ አወጣው።

የሳቀ ሰው የለም። ግራዝማች ወደ ኋላ ሳያዩ ሄዱ። ለካ ሁለት ቤት ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ሲደባበቅ ውሏል።

አያቴ ወደ አባቴ ዞረ። «ከማን ነበር የደበቅኸኝ?»

አያቴ ፈረሱን ጭኖ በዚያው ተመለሰ። የከርሞውን መስቀል አላየም። ሠርጉ ተሠረገ፤ አማቾቹም ተከባብረው ኖሩ፤ ያን ጋሪ ግን አንዳቸውም አንሥተውት አያውቁም።

ስልኩ አሁንም እንደተደገነ ነው። ጥሩወርቅ ከመደቡ ላይ ታየኛለች። አርጅታለች፤ ዛሬም ስሟን የምትጠብቅ መሰለኝ። የአያቴን ምርቃት ፈለግሁት። መንገዱን አውቀዋለሁ፤ ከብቱ፣ ፈረሱ፣ ማሳው፣ ሰው። ቃሉ ግን የለም። ሙሉ ሆኖ አፌ ላይ የመጣልኝ አገውኛ አንድ ብቻ ነው፤ ግራዝማች በፈረሱ ላይ የጮኹት።

«ይበሉ እንጂ፣ አባባ!» አለች ልጅቷ። ግራዝማች ቅድመ አያቷ ናቸው።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩና ቢላዋውን አነሣሁ።