ነጭ ጨርቅ ያነጠፈ ቤት

ግብር ተጨመረ፣ መሬትም ሊለካ ነው ተብሎ ባላገሩ አሻፈረኝ ባለበት ዓመት እኔ ቡሬ ላይ የጨርቅና የጨው ነጋዴ ነበርሁ። አመፅ ለነጋዴ ክፉ አይደለም፤ ሰው ሲፈራ ይገዛል። የመንግሥት አውሮፕላን ሲመጣ ግን ያም ቀረ። ሽቅብ እያየ የሚሄድ ሰው ሱቅ አይታየውም።

አውሮፕላኑ መጀመሪያ ወረቀት በተነ። ለመንግሥት ግቡ ይላል አሉ። ሴቶቹ ጨው ቋጠሩበት። ቀጥሎ ቦምብ ጣለ። ጠጅ ቤት ያለው ራዲዮ ቬትናም ላይ የወደቀውን ቦምብ አንድ በአንድ ይነግረናል፤ የእኛን አልሰማም መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ በርበሬ የምገዛቸው ሽማግሌ መጡ። መንደራቸው ከማንኩሳ ወዲያ የግማሽ ቀን መንገድ ነው።

«ጨርቅ ፈልጌ ነበር» አሉኝ።

«ለልብስ ነው አባቴ?»

«ለአውሮፕላን።»

«እሱ እንኳ ሲለብስ አላየሁም።»

አልሳቁም። «ባልተቤቴን ታውቃት የለ፤ ወገቧ ከተሰበረ ይኸው ሁለት ዓመቷ። አገሬው ወንዝ ወርዶ ከገደል ሥር ያድራል። የሚሸከም ጎልማሳ ሁሉ ጠመንጃ ይዞ ጫካ ነው። እኔ ብቻዬን አላወርዳት፣ ትቻት አልሄድ። በጣሊያን ጊዜ ነጭ ያነጠፈ አይመታም ይባል አልነበር?»

«ይባል ነበር።»

«እውነት ነው?»

የአባቴ መንደር ነጭ አንጥፎ ተርፏል። ነገር ግን አባቴ አስቀድሞ ጣሊያን ካምፕ ሄዶ ገብቷል። ሹሙ የመንደሩን ቦታ ጽፎ ለአብራሪው ነግሯል። ጨርቁ የውሉ ምልክት ነበር እንጂ በራሱ ያዳነው ነገር የለም። ይህን አውቃለሁ። ያሁኑን አብራሪ ደግሞ ማንም ምንም አልነገረውም።

«የእኛ መንደር አልተመታም» አልኋቸው። ውሸት አይደለም። ንግድ ላይ ብዙ ስለቆየሁ እንዲህ ያለውን ውሸት ያልሆነ ውሸት አሳምሬ አውቀዋለሁ።

አንድ ጣቃ አቡጀዲ ይዘው ሄዱ። ከቤታቸው ፊት፣ አዲስ በታረሰው ጥቁር መሬት ላይ ዘርግተው ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫኑበት። አውሮፕላኑ ሁለት ጊዜ መጣ፣ ሁለቱንም ጊዜ አለፈ። ወሬው ወንዝ ወረደ። እዚያ ያለው ሰው ዝናብና ትንኝ አስመርሮታል፤ ልጁንና ጥጃውን እየያዘ ወጥቶ በሽማግሌው አጥር ሥር ተቀመጠ። እሳቸው አልጠሩም። ግን የጎረቤት ልጅ ከደጄ ሂድ አይባል። የመጣው ሁሉ እንደ ታቦት ጥላ ጨርቁን ተጠጋ።

በሦስተኛው አውሮፕላኑ አላለፈም። ቀድሞ ባዶ የነበረ ደጅ አሁን ሰውና ከብት ሞልቶበታል። ከላይ ላለ ሰው ያ ምን እንደሚመስል ለማወቅ መማር አያስፈልግም። ቦምቡ አጥሩ ላይ ወደቀ። ቤቱ የጣራውን ሣር በአንድ ወገን ብቻ አጣ፤ ሴትዮዋን አንድም ነገር አልነካት።

ከሳምንት በኋላ በርበሬ ልገዛ ነው ብዬ ሄድሁ። የበርበሬ ወቅት አልነበረም፤ ማንም ግን ምንም አላለኝ። አገሬው ዋርካ ሥር ሸንጎ ተቀምጧል። ሁለት ልጆቹን የቀበረ ሰው ቆሞ ሽማግሌውን ይጠይቃል።

«ጨርቁን ማን መከረዎት? ለመንግሥት ምልክት ሰጥተው ነው?»

«ምልክትማ ብሰጥ ደጄ ላይ እሰጣለሁ?»

«ቤትዎ ቆሟላ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸውን ግን ብዙም አላቆዩብኝ። «ከጣሊያን ጊዜ የማውቀው ነው። የራሴ ሐሳብ ነው» አሉ።

እኔ ዝም አልሁ። ማንም ዝምታዬን አልጠረጠረም፤ ነጋዴ በሰው ነገር ሲገባ የት ታይቶ። ሸንጎው እንዳይነኳቸው፣ ግን እሳት እንዳይጭሩላቸው፣ ውኃ እንዳይቀዱላቸው፣ ሬሳም ቢወጣ እንዳይቀብሩላቸው ወሰነ።

ሲበተን ባልተቤታቸውን ልጠይቅ ገባሁ። በተገለጠው ጣራ በኩል ሰማዩን እያየች ተኝታለች።

«ልጄ፣ እነዚያ ልጆች ባይመጡ እኛን ያልፈን ነበር?»

«እንጃ እናቴ።»

«ባሌ፣ የሚያውቀው ጨርቁን የሸጠልኝ ልጅ ነው ብሎኝ ነበር እኮ።»

ሽማግሌው የጣራውን ቀዳዳ ለመክደን ሣር እየጠቀለሉ ነበር፤ የሰሙ አልመሰሉም። መሰላል የሚይዝላቸው ሰው የለም። እኔ ያዝሁላቸው። ያን ያህል ብቻ ነው ያደረግሁት።

አውሮፕላኑ ክረምቱ እስኪጠና ተመላለሰ። ሌላው ሰው ወደ ወንዙ ተመልሷል፤ እነሱን ገደል ሥር የሚያስጠጋቸው አልተገኘም። ድምፁ ሲመጣ ሽማግሌው በሩን ዘግተው ካልጋዋ አጠገብ ይቀመጣሉ አሉ። እኔ ሁለተኛ በዚያ መንገድ አልሄድሁም። በርበሬውን ከሌላ ገዛሁ።