ሙቀት ያስረሳው ሸክላ

አንዱ ጫማ እግሯ ላይ፣ ሌላው እጇ ላይ ነበር። ማሰሪያው መንገድ ላይ ተበጥሶባት ቆም ብላ ለመቋጠር እንኳ አልደፈረችም። ሰዉን እየገፋች፣ «ምን ነካት ይቺ!» እየተባለች፣ ከስልክ መጠገኛው ሱቅ እስከ ማተሚያ ቤቱ በር ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ሮጠች። በጭንቅላቷ የሚዞረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእናቷ አስር ጣቶች።

ነገሩ የተበላሸው ጠዋት ነው። የእናቷ የጆሮ መስሚያ መሣሪያ አንዷ ሽቦ ተነቅላ ተገኘች። ልጅቷ ከስምንተኛ ክፍል አቋርጣ ስልክ መጠገን ከጀመረች ሁለት ዓመቷ ነው፤ ስትሠራ ስለምትጣደፍ አሠሪዋ «ችኮላ» ይላታል። «ይቺማ ለኔ ምን አላት!» ብላ መበየጃዋን አጋለች። ሽቦዋ አልይዝ ስትላት ጫፉን ተጭና አቆየችው። ያዘች፤ የሚያምር ብየዳ ወጣላት። አጠለቀችላትና «እማ፣ ይሰማሻል?» አለቻት።

«እንደ ደወል!» አለች እናት፤ ግንባሯን ስማት ወደ ሥራዋ ሄደች።

ረፋድ ላይ ለአሠሪዋ እየኮራች ነገረችው። ሁለት መነጽር ደራርቦ ስለሚያደርግ ሰፈሩ «መነጽር» ይለዋል።

«የትኛዋን ዓይነት መስሚያ ነው የበየድሻት? ባለማግኔቷን?»

«አይ፣ ስሷን። ፒዞ ያላትን።»

የያዘው ስልክ ከእጁ ወደቀ። «ስንት ሴኮንድ አቆየሽው?»

«እኔ እንጃ… አስር?»

«አይ ችኮላ! ፒዞ እኮ ሸክላ ነው። ኤሌክትሪክ ሲነካው እንዲንቀጠቀጥ ፋብሪካ ያስተማረው ሸክላ። ሲግል የተማረውን ሁሉ ይረሳል። ሲያዩት ደህና ይመስላል እንጂ ሞቷል።»

ክው አለች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

እናቷ ከልጅነቷ ጀምሮ ጆሮዋ ሲመግል ኖሮ ሁለቱም ተደፍነዋል። ትዳሩም፣ ወሊዱም፣ የባሏ ሞትም በዝምታ ነው ያለፉባት። የልጇን የመጀመሪያ ለቅሶ በዓይኗ ነው ያየችው። ከስድስት ዓመት በፊት ግን አንዲት ነርስ፣ ስትመታ የምትነዝር የብረት ሹካ ከጆሮዋ ኋላ አጥንቷ ላይ ብታሳርፍባት ደንግጣ ዘለለች። ነርሷ ሳቀችና ወረቀት ላይ ጻፈችላት፦ «እትዬ፣ በሩ ነው እንጂ የተዘጋው ቤቱ ውስጥ ሰው አለ።»

መጀመሪያ የሰጧት ባለማግኔቷ መስሚያ ባትሪ አትጠግብም ነበር፤ በሦስት ቀን አንድ ትጨርሳለች። ባትሪ ባለቀ ቀን እናት ከቤት አትወጣም። ኋላ በእሷ ምትክ ይቺ ስሷ መጣች። የሸሚዝ ቁልፍ በምታክል ባትሪ ወር ትከርማለች፤ ድምፁንም በአጥንት በኩል ቀስ አድርጋ ታስገባዋለች። እናት በሻሽ ሸፍናት ማተሚያ ቤት ተቀጠረች። አራት ዓመት ማንም አላወቀባትም። ደንቆሮ ናት ቢባል ማን ይቀጥራት ነበር?

ሥራው እንዲህ ነው። እሷ ወረቀቱን ስለቱ ሥር ታስገባለች፤ ቆራጩ ከጎን ሆኖ ፔዳሉን ይረግጣል። ከመርገጡ በፊት «እጅ!» ይላል። «ወጣ!» ትለዋለች። ከዚያ ስለቱ ይወርዳል። የማሽኑ መከላከያ ከተሰበረ ስለቆየ ጣቷን የሚጠብቅላት ይሄ ጥሪ ብቻ ነው። ሳትሰማ ቀርታ ዝም ካለች ይታወቅባታል። እንዳይታወቅባት ብላ በግምት «ወጣ!» ካለች ደግሞ… ልጅቷ ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልቻለችም።

«ወዴት ነው በአንድ ጫማ?» አላት ዘበኛው። «ሌላው እግር በኋላ ይመጣል?»

«እናቴን ፈልጌ ነው።»

«ለምሳ አስር ደቂቃ ቀርቷል። ሰው ሞተ?»

«አልሞተም።»

«እንግዲያው ይጠበቃል።»

ምን ትበለው? እናቴ አትሰማም ትበለው? የማሽኑን ክፍል የመስኮት ፍርግርግ ይዛ ቆመች። «እጅ!» «ወጣ!» ድው። «እጅ!» «ወጣ!» ድው። 

እናት ለምሳ ስትወጣ ልጅቷ ሁለት እጆቿን አፈፍ አድርጋ ጣቶቿን አንድ በአንድ ቆጠረች።

«ምነው? የሰረቅሁት ነገር አለ?» አለች እናት እየሳቀች።

ልጅቷ ከንፈሯ እንዲታይ ፊቷን አቀናች። «እማ፣ መስሚያሽን አቃጥዬዋለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ይሰማኛል አላልሽም?»

«ከንፈርሽን አይቼ ነዋ። ደስ ብሎሽ ነበር፤ ምን ልበልሽ?»

«ታዲያ እስካሁን እንዴት…»

«የቆራጩን ትከሻ አያለሁ። ሊጮህ ሲል ከፍ ያደርገዋል። ያኔ ወጣ እላለሁ።» ሳቋ ጠፋ። «ከሰዓት ግን ትልቁ ወረቀት ነው። ክምሩ ይጋርደዋል።»

«ቤት እንሂድ! አሞኛል በያቸው።»

«ባለፈው ወር አሞኛል ያለችው ሠራተኛ ስትመለስ ቦታዋ ላይ ሌላ ሰው ነው ያገኘችው። የኔ እናት፣ አንቺ ብቻ አፍሽን ያዢልኝ።» ሻሿን አጥብቃ ገባች።

አፏን አልያዘችም። ቆራጩ ግቢው ቧንቧ ላይ እጁን ይታጠባል። የግራ እጁ አመልካች ጣት ጉማጅ ናት። «ጋሼ» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችለት።

«አራት ዓመት ሙሉ?»

«እስከ ትናንት ትሰማ ነበር። ዛሬ ነው።»

ጉማጇን ጣቱን አያት። «ታዲያ እኔ ዛሬ ፔዳሉን ስንቴ ነው የረገጥኩት?» አለ። ልጅቷን አልነበረም የጠየቀው።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ለአለቃው እንዳይነግሩብን።»

እጁን ሱሪው ላይ ጠራረገና ወደ ውስጥ ገባ። በግራ የማሽኑ ክፍል ነው፣ በቀኝ የአለቃው ቢሮ። ወዴት እንደታጠፈ ሳታይ በሩ ተዘጋ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ዘበኛው ከመስኮቱ ስላባረራት ከአጥሩ ውጭ ጫማዋን አቅፋ ቆማለች። የምሳ ሰዓቱ አልቆ ማሽኑ ተነስቷል። ጆሮዋን ግንቡ ላይ ለጥፋ «እጅ!» የሚለውን ትጠብቃለች፤ የሚሰማት ግን የሞተሩ ጉርምርምታ ብቻ ነው። የእናቷን ጣት አድና ይሁን፣ ሥራዋን አስነጥቃ ይሁን፣ ወይ ሁለቱንም አጥፍታ፣ አታውቅም።